በስሜ የመጣው ካርቶን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
የምሠራበት ፋርማሲ ጭር ብሎ ዋለ። ከሰዓት ሮሆቦት መጣች፤ ስልኳ ላይ የቬሎ ፎቶ ይዛ። ከቱርክ የሚመጣ። እጅጌው ዳንቴል፣ ጀርባው በቁልፍ የሚዘጋ… በጣቴ እያጎላሁ አየሁት።

"ይሄን ነው የምታገቢበት" አለችኝ።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነው ያደግነው። የውጭ ልብስ በቴሌግራም እያዘዘች መሸጥ ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ግማሹ የዲላ ሴት ከእሷ ነው የሚለብሰው።

ቀረጡን ጠየቅኋት።

"በነጋዴ ስም ከገባ ያቃጥላል። በግል ስም፣ ለራስሽ መልበሻ ከሆነ ግን ይቀላል። መታወቂያሽን ፊትና ጀርባውን አንሺና ላኪልኝ።"

ላክሁ። ቬሎ አይደል? ከዚህ በላይ የግል ምን አለ?

ዓርብ፣ ኅዳር 26
የማጓጓዣው ዋጋ ተነገረኝ። ከቬሎው ይበልጣል።

"ሁለት ኪሎ አይሞላም እኮ" አልኳት።

"ሚዛኑን አይደለም የሚያዩት፣ የሚይዘውን ቦታ ነው። ካርቶኑ በር ያክላል።"

ቀረጡም ቢሆን በልብሱ ዋጋ ብቻ አይሰላም ለካ፤ ማጓጓዣው ተደምሮበት ነው። ማን ነግሮኝ? ለእጮኛዬ ለሲላስ ስነግረው ሳቀ። ቡሌ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው የሚሠራው፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ… "ቬሎ ነው ወይስ ፍሪጅ ያዘዝሽው?" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ሰርጉ ጥር 24 ነው፤ አሁን ወደኋላ ማለት የለም። ማጓጓዣውን ከፈልኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6
ጠዋት የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ወንድ ነው።

"ትንቢት በቀለ?"

"ነኝ።"

"ካርቶንሽ አዲስ አበባ ገብቷል።"

ደስ አለኝ። "ቬሎው?" አልኩት።

"የምን ቬሎ? የሕፃናት ልብስ ነው የሚለው።" ከጀርባው ሌላ ሰው የሆነ ነገር ተናገረ። ከዚያ "ይቅርታ፣ ተሳስተን ነው" ብሎ ዘጋው።

ተሳስቶ ከሆነ ስሜን እስከ አባቴ እንዴት አወቀ?

ሮሆቦትን ጠየቅኋት። "ስም ተመሳስሎባቸው ይሆናል፣ አታካብጂ" አለች። ስታወራ ግን አላየችኝም። መደርደሪያውን ነበር የምታየው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9
ሌላ ቁጥር። ሴት ናት። "ሦስተኛውን ካርቶን መቼ ነው የምታነሺው?" አለችኝ። የምን ሦስተኛ? ሳልመልስ ተዘጋ።

ሮሆቦት ስልክ አታነሳም። ቴሌግራሟ ጠፍቷል… ቻናሉ ራሱ የለም። ከሥራ ወጥቼ ቤቷ ሄድኩ። ጓሮ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቷን ጠየቅኩ። "ጠዋት ሻንጣ ይዛ ወጣች" አለችኝ።



ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14
ሁለት ሰዎች ፋርማሲ ገቡ። መድኃኒት ሊገዙ የመጡ መስሎኝ "ምን ልታዘዝ?" አልኩ። አንደኛው መታወቂያውን አወጣ። ፖሊስ።

በስሜ ከመጡት ካርቶኖች አንዱ ተፈትሿል። ከላይ የሕፃናት ልብስ፣ ከሥር መድኃኒት። ፈቃድ የሌለው፣ በጆንያ የሚቆጠር ኪኒን።

"ሥራዎ እዚሁ ነው?"

"አዎ።"

"ፋርማሲ?"

"አዎ…"

ተያዩ። ሐሙስ አዲስ አበባ ቀርቤ ቃሌን እንድሰጥ ነግረውኝ ወጡ።

የፋርማሲው ባለቤት ጋሽ ነዚፍ ሁሉንም ሰምተዋል። ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። "ልጄ፣ አንቺን አውቅሻለሁ። ግን ቤቱን ያሽጉብኛል። ልጆቼ የሚበሉት ከዚህ ነው። እስኪጣራ ቤት ሁኚ።"

ሌላ ምን ሊሉኝ ይችላሉ? ጋውኔን አጥፌ አስረከብኳቸው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16
ሲላስ አብሮኝ ሄደ። ትናንት ሐዋሳ አደርን፤ ዛሬ ማለዳ ተነሳን። ሻሸመኔን አለፍን። ከዚያ እሱ መንገዱን እያየ፣

"በእውነት ምንም አታውቂም?"

"አላውቅም።"

"እሺ" አለ። እሺ ብቻ። የጠየቀኝ ለምን እንደሆነ ይገባኛል፣ ቤተሰብ አለው፣ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው… ግን ጠየቀኝ።

መርማሪዋ ሴት ናት። ጨዋ ናት፣ አልጮኸችም። "መታወቂያው የእርስዎ፣ ስሙ የእርስዎ፣ ሙያው የእርስዎ። ሌላ ሰው ነው ይላሉ። ማን ነው?"

እናቴ የሞተች ጊዜ ሮሆቦት ሳምንቱን ሙሉ መሬት ላይ አብራኝ ተኝታለች። ይሄን አሰብኩ። ብዙ አሰብኩ። ከዚያ ስሟን ተናገርኩ። መልእክቶቿንም አሳየሁ።

ስወጣ ከተያዙት ዕቃዎች መሃል አየሁት። ፕላስቲኩ ተቀዷል፣ ዳንቴሉ በአንድ በኩል ወጥቷል። ቬሎዬ። በእውነት አዝዛልኝ ነበር ለካ። ቀረጡን ከፍዬ ልውሰደው ብልም ነገሩ እስኪያልቅ አይለቀቅም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26
ጥር 24 ቀርቷል። የሲላስ አባት ናቸው ደውለው የነገሩኝ። ሲላስ አይደለም።

ቸርች አልሄድኩም።

ዓርብ፣ ጥር 8
ሮሆቦት ደወለች። የኬንያ ቁጥር ነው።

መጀመሪያ ትንፋሿን ብቻ ነበር የምሰማው። አወቅኋት።

"ስሜን ሰጠሽ?"

"ሰጠሁ።"

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

"እኔን ለምን?" አልኳት። "ከዚህ ሁሉ ሰው?"

"ፋርማሲ ስለምትሠሪ። ቢያዝ እንኳን ሰው የእሷ ነው ይላል አሉኝ።"

"እነማን?"

"ስማቸውን ብነግርሽ ለአንቺ ነው የሚከፋው… መጀመሪያ ቀረጥ እናስቀንስልሽ ብለው ነው የቀረቡኝ። ልብሱን በሰው በሰው ስም ከፋፍለን እናስገባለን፣ ምንም የለውም አሉ። ካርቶኑ ውስጥ ሌላ ነገር እንዳለ ሳውቅ ልወጣ አልኩ። መውጣት የለም።"

ታለቅስ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

"ትንቢት… ውዳሴን ጠይቂያት።"

"ምኗን?"

ተዘጋ። መልሼ ብሞክር አይሠራም።

ውዳሴ ታናሽ እህቴ ናት። የፖሊሱን ነገር እንዳትጨነቅ ብዬ ደብቄያት ነበር። እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ነው የምትማረው።

ቅዳሜ፣ ጥር 9
ማለዳ ዶርሟ ሄድኩ። ገና ከእንቅልፏ መነሳቷ ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠየቅኋት።

"ሮሆቦት ለሚዜነት ቀሚስ አዝዛልኝ ነበር" አለች። "ላስደንቅሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ምነው?"

"መታወቂያሽን ላክሽላት?"

"ላክሁ።"

"ደውለውልሽ ያውቃሉ?"

"ሰኞ ደወሉ። ካርቶንሽ ገብቷል፣ ነይና ፈርመሽ ውሰጂ አሉኝ። ሰርጉ ስለቀረ ምን ያደርግልኛል ብዬ ተውኩት።"

ሰርጉ ባይቀር ሄዳ ትፈርም ነበር።

ጫማዋን ሳታስር አስወጣኋት። ተጠርተን ከመሄድ ቀድመን ብንሄድ ይሻላል። እኔ ያን ዕለት ስልኩ ሲዘጋ ዝም ባልል… አሁን ይሄ ምን ያደርጋል።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሲላስ ቆሟል። ትናንት ማታ ሮሆቦት መደወሏን፣ ዛሬ በመንገድ ላይ ደግሞ የት እንደምንሄድ ጽፌለት ነበር፤ ና አላልኩትም። ሌሊቱን በቀዝቃዛው ከቡሌ ወርዶ ወንድሙ ቤት ነበር ያደረው። ምንም አልጠየቀኝም። ውዳሴን እቅፍ አድርጎ ሰላም አላትና አብሮን ገባ።

መርማሪው ቃሏን መጻፍ ጀመረ። "ትምህርት?" አላት። "ነርሲንግ።" እስክሪብቶውን አቆመና ቀና ብሎ አየን። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ።

"እኔ ልንገርዎት" አልኩ። ከቬሎው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት፤ የትናንቱንም። በዚህ መሃል የውዳሴ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጠራ። የማይታወቅ ቁጥር።

"አንሺው" አለ መርማሪው። "ድምፁን ክፈቺ። ዝም ብለሽ ስሚ።"

ነካችው።

"ውዳሴ በቀለ?"

ወንድ ነው። ያው መጀመሪያ የደወለልኝ ሰው… ድምፁን አወቅሁት።

"አቤት።"

"ካርቶንሽ እየጠበቀሽ ነው። ለምን ቀረሽ?" ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው፣ እንደ ዘመድ። ከዚያ፣ "እህትሽ አጠገብሽ ናት?"

መርማሪው ቁጥሩን እየጻፈ በእጁ ቀጥሉ አለን። ውዳሴ ዞራ አየችኝ። ስልኩን ወደ እኔ ሳብ አደረግሁት።

"አጠገቧ ነኝ" አልኩት።