የገረጣው ክንዴ

ሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 1 ሰዓት።
ላስቲኩን ፈታሁ። ክንዴን ታጠብኩ። በቫዝሊን የለወስኩት ቅባት፦ ምንም። በለጋ ቅቤ የለወስኩት፦ ትንሽ ደብዘዝ። በላስቲክ ጠቅልዬ ያደርኩት ግን ነጣ ያለ ክብ ሠርቷል! ማለትም መድኃኒቱ የላይኛውን ቆዳ አልፎ ገብቷል፤ ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮች ሲኮማተሩ ቆዳው ይገረጣል። በገረጣው ልክ ነው የገባው። ጋሼ ደምሴ፣ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ባለቤት፣ የችፌ ቅባታቸው እንዴት እንደሚገባ ለዪልኝ ካሉኝ ወዲህ ክንዴ የሥራ ዕቃ ሆኗል። የተመረጥኩት በቀይነቴ ነው፤ በጠይም ክንድ ክቡ ደህና አይታይም። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5።
ጋሼ ደ. ክንዴን ወደ መስኮቱ ስበው አዩ። ስለ ችፌ አንድ ቃል አልወጣቸውም። "አንቺ፣ ይሄ እኮ ያቀላል!" አሉ። ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፣ ፊት ላይ ሲዘወተር ቆዳ ያሳሳል አልኳቸው። ደግሜ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰሙኝ መሰለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 24።
ቅባታችን ሶማሌ ተራ ይሸጣል። "የሙሽራ ቅባት" ተብሎ! ሻጩ ማታ ተቀብተሽ ፊትሽን በላስቲክ ሸፍነሽ ተኚ ይላል። ላስቲኩ እኮ ለመለኪያ ነበር። ሮጬ ሄድኩ። ጋሼ ደ. ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ተቀምጠው ለሁለት ሴቶች ስለ እኔ ክንድ ሲያወሩ ደረስኩ። ጮህኩ። ሻይ አዘዙልኝ። ትቼው፣ ሥራውንም ትቼ ወጣሁ። ከእንግዲህ እዚህ ደብተር ላይ አንቱ የሚባል ደምሴ የለም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 18።
አልጋ ሳነጥፍ ከእህቴ ከጽጌ ትራስ ሥር ላስቲክ አገኘሁ። ቅባት የነካው። ሰርጓ ጥር ላይ ነው። የሙሽራው እናት ልታያት መጥታ "ጠቆር አለችብኝ" ማለቷን ለካ ሰምታለች። ለኔ አልነገረችኝም። ለምን ትነግረኛለች? እንግዳ ሁሉ እኔን ስሞ "ይቺስ?" እያላት ነው ያደገችው። ቅባቱንም ፈልጌ ሽንት ቤት ጣልኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 22።
ፊቷ ተቃጠለ። ቀልቶ አብጧል፣ ጉንጯ ሽፍታ በሽፍታ። ቆዳው ቅባቱን ስለለመደ ሲቆም እንዲህ ነው፤ ቀስ እያለ ይተዋታል፣ ግን ለሰርጉ አይደርስም። ቅባቱን እስከ ሰርጉ ብቻ አምጪልኝ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አይሆንም አልኳት። "አንቺ ምን አለብሽ እታለም፣ ቀይ ነሽ" አለችኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 26።
አንድ ነገር አሰብኩ። ነገ የገና ገበያ ነው፤ ጽጌን ይዤ ደምሴ በር ላይ ልቁም፣ ሰው ፊቷን ይይ። ጠየቅኳት። እሱ ክንድሽን አሳየ፣ አንቺ ደግሞ ፊቴን ልታሳዪ ነው ብላ ዞራ ተኛች። እውነቷን ነው። አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 27። ጠዋት።
ብቻዬን እሄዳለሁ። ለሚገዛው ሁሉ አትግዙ እላለሁ። ቀይ ሴት ቆማ የሚያቀላ ቅባት አትግዙ ስትል ማን ይሰማታል? ፊቴን አይተው ይገዛሉ። ቢሆንም እሄዳለሁ። ጫማዬን አድርጌያለሁ። ጽጌ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ በሩ ላይ ቆማለች፣ ቦርሳዋን ይዛለች። አብራኝ ልትቆም ነው ወይስ ልትገዛ ነው?