በአፈር ላይ የተነጠፈ ጋቢ

ዴንሃግ፣ ጃንዋሪ 1996

ይድረስ ለልጄ ለሮዳስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እኔም እናትሽም ደህና መሆናችንን እወቂ፤ በሰሜኑ በረዷማ ምድር የያዝሽውን የቱንድራ ጥናት የሚያስጥል ነገር የለም። እዚህ እኛ ሰፈር፣ ላክም በረዶ ጥሏል። ወፍራም በረዶ እንደ ጋቢ ሆኖ አፈሩን እንደሚያሞቅ፣ የሳሳበት ግን ክፉኛ እንደሚቀዘቅዝ የጻፍሽውን ለእናትሽ አነበብኩላት። በማግስቱ ጓሯችን ውስጥ በረዶው የሳሳበት ላይ ጋቢዬን ስታነጥፍ አገኘኋት።

«ሮዳስ እታች ናት፤ ይበርዳታል» አለችኝ።

ያለሽበትን በካርታ አሳየኋት።

«ገባኝ፣ የኔታ። ዛሬም ተማሪ አደረግከኝ?» ብላ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ መልሳ አነጠፈችው። እንደገና አስረዳኋት። ዛሬ ግን ጠርዙን ይዤ አብሬያት አነጠፍኩ። መርሳቷን ሐኪሙ ዕድሜ ነው ብሏል።

ያለሽበትን ብርድ እግዚአብሔር ያቅልልልሽ። መቼ እንደምትመጪ ለእርሷ በስሟ ጻፊላት፤ እባክሽ ቶሎ ጻፊ።

አባትሽ ሙሉነህ