ያጨድሁት ደንገል

ወንድሜ ረመዳን፣

ለሟቹ ባለቤቴ ለሳሊህም ሆነ ለማንም ያልነገርሁት ነገር አለ፤ ዛሬ ላንተ እጽፈዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን የአላህ ሰላም ከነቤተሰብህ ይድረስህ። ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህን ተሻለህ? የጅዳ ሙቀት ሰሚሐንና ልጆቹን አላስቸገራቸውም? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ከንዴቴ በቀር።

የአባታችንን የሐይቅ ዳር መሬት ለገበሬው ለቢያዝን ስጪው፣ ሽንኩርት ያድርግበት ያልኸው መልእክት ደርሶኛል። አንተ እዚያ ተቀምጠህ "ጦሙን ከሚያድር" ትላለህ! ውሃው በሸሸ ቁጥር ጭቃው ላይ ማዳበሪያ ይነሰነሳል፤ በክረምት ሐይቁ ሲመለስ ጠርጎ ይወስደዋል። የከተማውም ፍሳሽ ይጨመርበታል። ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጩ፣ የሚወፍረው ይህንን በልቶ ነው። ሲበሰብስ ደግሞ የውሃውን አየር ይጨርሰውና አሣው ታፍኖ ይሞታል። ይህን ከአንድ መጽሔት ላይ ፊደል እየለቀምሁ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ለቢያዝን ብነግረው "እትዬ ሀጂራ፣ ሐይቁም ይጥገብ እንጂ!" ብሎ ሳቀብኝ። ጠግቦ እኮ ነው የሚሞተው!

ባለፈው ሳምንት መንደሩ ሁሉ ለዘመቻ ወጣ። እስከ ደረታችን ገብተን እምቦጭ ነቀልን፤ ከዚያ ዳር ላይ ቆልለን ወደየቤታችን። "ከዚህ እናርቀው፣ ተመልሶ ይገባል" ብል ማን ሰምቶኝ? የአምናውን ክምር ክረምቱ መልሶ አስገብቶት የለ? ልጄ ናኢማ እንኳ "እማ፣ ዝም ብለሽ ኖረሽ ዛሬ ምን ነካሽ?" አለችኝ።

የነካኝ ይህ ነው። ያ የአባታችን መሬት ዳር ደንገል ለብሶ እንደነበር ታስታውሳለህ፤ ሳሊህ ታንኳ የሚሠራበት፣ ከማሳ የሚወርደውንም ጭቃ የሚያስቀርልን ደንገል። ሳሊህ አሣ ሊያጠምድ ደቅ ደሴት በሰነበተበት ሳምንት በማጭድ የጨረስሁት እኔ ነኝ፤ የሽንኩርት ገበያ አማልሎኝ። ሲመለስ "የጎረቤታችን የአካሉ ከብት በላው" አልሁት። አንድ ታንኳ ላይ ያደጉ ሰዎች፣ ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ተነፋፈጉ። አካሉ ለሳሊህ ቀብር እንኳ መጥቶ፣ ከሩቅ ቆሞ ተመለሰ።

ስለዚህ መሬቱን ለቢያዝን አልሰጥም፤ ብትቆጣም ተቆጣ። ደንገሉን መልሼ እተክላለሁ። ለመትከያ የሚሆን ሥር የቀረው ደግሞ በአካሉ መሬት ዳር ብቻ ነው። እውነቱን ሳልናገር በምን ዓይኔ እለምነዋለሁ?

ሰሚሐን እንደ እኔ ሆነህ ሰላም በልልኝ። ልጅህ ሰላህ በትምህርቱ ይበርታ፤ ትንሿን ተስኒምን ጉንጯን ሳምልኝ። ናኢማም አጎቴ ናፍቆኛል ብላለች።

እኅትህ ሀጂራ
ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር፤ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ወረቀት ወዳንተ ከመላኬ በፊት ነገ ጧት ይዤው የምሄደው ወደ ጎረቤት ነው። መጀመሪያ የሚያነበው አካሉ ነው።