ከኮቱ ላይ የጎደለችው ቁልፍ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሐምሌ 14 ቀን

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ምሳሽን በልተሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ፣ ተቀምጠሽ አንብቢው። ቆመው የሚያነቡት አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔን ሞራ ጀምሮታል፤ ከጉልበቴ ጋር ግን ተስማምተን እየኖርን ነው፣ እሱ ያማርራል እኔ እሰማዋለሁ።

የላክሽልኝን የመጽሐፍሽን ምዕራፍ፣ ድሮ ፎቶ በማስተካክልበት አጉሊ መነጽር እየተጠጋሁ አራት ቀን አነበብኩት። በጦርነቱ ዘመን ስለተነሱ የወታደር ፎቶዎች እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ከቤታችን ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኮራሁብሽ። ከማኅደር ባገኘሻቸው አሥር ፎቶዎችና እኛ ቤት ግድግዳ ላይ በነበረው በአባትሽ ፎቶ፣ ከአንገት ሦስተኛዋ የኮት ቁልፍ መጉደሏን አይተሽ፣ «ወደ ግንባር ሲሄዱ ለሚወዱት ሰው ትተውት የሚሄዱት የቃል ኪዳን ምልክት ሳይሆን አይቀርም» ያልሽው ጋ ስደርስ ግን መነጽሬን አስቀመጥኩ። የአባትሽን ፎቶ ሽፋኑ ላይ አደርገዋለሁ፣ በወሩ መጨረሻ ማተሚያ ቤት ይገባል ብለሻል። ሆድ ይፍጀው ብዬ የኖርኩትን ነገር እንግዲህ ማተሚያ ቤቱ ሳይቀድመኝ መናገር አለብኝ።

ልጄ፣ አሥራ አንዱም ኮት አንድ ኮት ነው። እሠራበት በነበረው ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ከጨለማ ክፍሉ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር። ልጆቻቸው የሞቱባቸው እናቶች ጉርድ ፎቶ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ከመታወቂያ ላይ የተላጠ፣ ግንባሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት። «ሙሉ ሰው አድርጉልን» ይሉናል። ባለ ፎቶ ቤቱ ኮቱን ያለብሰኝና አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ፣ አንዴ እጄን ወንበር ላይ ጥዬ ያነሳኛል። ከዚያ እኔው ከታተመው ፎቶ ላይ የራሴን ጭንቅላት በምላጭ አንስቼ የልጃቸውን አስቀምጥበታለሁ፤ አንገቱ ላይ ያለውን መጋጠሚያ በቀጭን ብሩሽ ሸፍኜ መልሰን ፎቶ እናነሳዋለን። በዚህ በሚያነክሰው እግሬ ምክንያት ለጦርነት አትሆንም ተብዬ የተመለስኩት ሰውዬ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ወታደር ሆንኩ።

ቁልፏን የበጠስሻት አንቺ ነሽ። ሁለት ዓመት አልሞላሽም። እናትሽ ሥራ ስትሄድ እኔ ጋ ትውይ ነበር። አንድ ቀን ኮቱን ለብሼ፣ መብራቱ እስኪስተካከል አንቺን ታቅፌ ቆሜ ሳለ፣ በእነዚያ አዳዲስ ጥርሶችሽ ነክሰሽ በጠስሻት። ዋጠቻት ብለን ሁለት ቀን ሙሉ ጠበቅን፤ አልወጣችም። ዛሬም አንቺ ጋ ሳትሆን አትቀርም። ባለ ፎቶ ቤቱ «ስፋው እንጂ» ባለኝ ቁጥር «ነገ» እያልኩ ኮቱ አረጀ። ተመራማሪዋ ራሷ የበጠሰችውን ቁልፍ ምሥጢር ስትመረምር ሳይ፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ሳቁ ካለቀም በኋላ እንባው መውረዱን አልተወም።

አባትሽ የሄደው አንቺ ሳትወለጂ ነው። እንግዲህ ደርሰሽበታል። የሞቱ ወሬ የመጣው ቁልፏ ከተበጠሰች በኋላ ነው፤ በሳምንቱ እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጉርድ ፎቶውን በመሐረብ ጠቅልላ ፎቶ ቤት መጣች። ቤት ልትሰጠኝ ስትችል እንደማንኛዋም ደንበኛ ተራ ጠበቀች። «ልጄ አባቷን ግማሽ ሆኖ አትየው፤ ትከሻ ሥራለት» አለችኝ። «ስታድግስ?» አልኳት። «ያኔ አንተ ታውቃለህ» አለች።

በቀዩ መብራት ውስጥ፣ ነጩ ወረቀት ኬሚካሉ ውስጥ ተኝቶ፣ መጀመሪያ ቅንድቡ፣ ከዚያ አፉ፣ ቀስ እያለ መጣ። ወረቀቱን በንጹህ ውሃ ሳጥበው እጄ ቆየብኝ። ሌላ የምናጥበው አስከሬን አልነበረንም።

አንቺ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄድሽ በፊት «ደህና ዋል አባዬ» ትይው ነበር። እኔ ምሳ ዕቃሽን ይዤ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።

ሰሞኑን ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ይመጣሉ። ያው ጨለማ ክፍል ነው፤ ግን ጣሪያ የለውም፣ ውሃውም እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል፣ አይቀዘቅዝም። አሥሩ ልጆች ተራ በተራ ኮቱን አጣጥፈው «በቃን፣ እናመሰግናለን» እያሉ ክንዴ ላይ ያስቀምጡልኛል። ክብደት የለውም። ወንድሜ መጨረሻ ይመጣና አይመልስልኝም። «ትንሽ ልቆይበት፤ ልጅቷ ዛሬ ደህና ዋል አላለችኝም» ይለኛል። ከዚያ የጎረቤት በር ሲዘጋ እነቃለሁ።

ሽፋኑን ቀይሪው፣ አለዚያም እውነቱን ከሥሩ ጻፊበት፤ እሱን ለአንቺ ትቻለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ማደሩን ትንሽ አበዛው። እናቶቹን ግን «ተታለሉ» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ አደራ። አንዷ ፎቶውን ስትቀበለኝ የልጇን ትከሻ በጣቷ ዳበሰችው፤ ቀና ብላም የእኔን ትከሻ አየች። አወቀች። «እደግ» ብላኝ ሄደች።

የአባትሽን ጉርድ ፎቶ ከዚሁ ጋር ልኬልሻለሁ። እዚህ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ከንፈሩን የገጠመው ከካሜራው ጀርባ ሆኜ ስለማሾፍበት፣ ሳቁን ይዞ ነው። ይህኛው ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው።

የጻፍሽው ይባረክልሽ፤ ክፉ አይንካሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሰው አትጪ።

ትልቁን የግድግዳ ፎቶ እንግዲህ ምን ብዬ ልየው ትይ ይሆናል። ፊቱ የአባትሽ ነው። ትከሻውንም ታውቂዋለሽ፤ እሽኮኮ አድርጌሽ ስሄድ፣ ባነከስኩ ቁጥር እየሳቅሽ ጆሮዬን ይዘሽ የምትቀመጪበት ነው።

አጎትሽ