ሽቦው እስኪፈታ

ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሊዩ አምባ ላሉት ለውድ አባቴ

አሰላሙ አለይኩም አባዬ። ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? ሰሞኑን ስልክዎን የማላነሳው አኩርፌ አይደለም። መናገር አልችልም፤ መንጋጋዬ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። አይደንግጡ ልል ነበር፤ ግን እኔ ራሴ ገና ከድንጋጤዬ አልወጣሁም።

የዛሬ አሥር ቀን ረፋድ ላይ እባብ የነደፈውን ወጣት በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያችን አደረሱት። ስመረምረው ነፍሱ ወጥታለች። ታላቅ ወንድሙ ሰዲቅ በር ላይ ቆሞ "እንዴት ነው?" አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን ስሯሯጥ ነበር፤ "ሞቷል" አልኩት። ሽማግሌ ሳይጠራ፣ ሰው ሳይዘው፣ እዚያው በቆመበት። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከእርስዎ በላይ ማን አስተማረኝ? ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰዲቅ የቃሬዛውን እንጨት መዝዞ ፊቴን መታኝ። ዘበኛችን ጋሽ ተሰማም ሊገላግሉ ገብተው ክንዳቸው ተሰበረ።

አባዬ፣ ሰዲቅን እኮ አውቀዋለሁ። አምና ሚስቱን ያዋለድኳት እኔ ነኝ፤ ልጅቷን በስሜ ሐያት ብለው ጠሯት። ያን ዕለት ሕፃኗን ከእጄ የተቀበለው በዚያው በመታኝ እጁ ነው። አሁንም ቁጭ ብዬ ሳስበው ማመን ያቅተኛል።

ሰዲቅ ታስሯል። እናቱ እትዬ ዘምዘም አንዱን ልጃቸውን ቀብረው፣ ለሌላው ሲሉ በየቀኑ ወተት ይዘውልኝ ይመጣሉ። በቀጭን ቱቦ እጠጣለሁ፤ እሳቸው ፊቴን ማየት አቅቷቸው መሬት መሬት ያያሉ። በጣም ያሳዝኑኛል።

ትናንት ሽማግሌዎች መጥተው ለሰዲቅ ይቅርታ ጠየቁና "አውፍ በይው" አሉኝ። አለቃችንም ነገ የምንሠራው ከዚሁ ሕዝብ ጋር ነውና ተይው አለኝ። አውፍ ደግሞ ሰው ፊት በአፍ ካልተባለ እኛ ዘንድ አይጸናም። የታሰረ አፌን አሳየኋቸው። እርስ በርስ ተያዩና ሽቦው እስኪፈታ እንጠብቃለን ብለው ሄዱ። አላህ ይማረኝ፣ አፌ በመታሰሩ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን ግን ሽማግሌዎቹ ሳይጠብቁ ወደ እርስዎ ሊመጡ ነው አሉ። አባት በልጁ ስም ቢናገር እንደሚበቃ እነሱም ያውቃሉ፤ እርስዎ ደግሞ የለመነዎትን ሰው መልሰው አያውቁም። በደንብ ያስተናግዷቸው፣ ለሟቹም ዱዓ ያድርጉለት። እኔም የጥፋቴን ድርሻ አልክድም። ግን የእንጨቱ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ሰው በር ሲከፍት እጄ ሳላዘው ፊቴን ይሸፍናል።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። አደራዎን አባዬ፣ በእኔ ፋንታ አውፍ አይበሉ።

ልጅዎ ሐያት ሙሳ