ማንጎው ይታያል ወይ?

ሐምሌ 3፣ ጠዋት

ዛሬም ጭነቱ ያው፦ ማህተም፣ የፋይል ሣጥን፣ አንድ ጥቅል ምንጣፍ። ክልሉ አዲስ፣ ቢሮዎቹ ባዶ፣ አውሮፕላናችን አጋሰስ። ከአ.አ. አሶሳ፣ ከአሶሳ አ.አ.። ደመናው ክፉ ነው። ደግነቱ አብዱራሂም አለልኝ፤ የአሶሳ አውሮፕላን ሜዳ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ የሆሞሻ ሰው። ውላችን አጭር ነው። ከሬዲዮ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ በሜዳው ጫፍ ያለውን የማንጎ ዛፍ ካየ እንመጣለን። ካላየ፣ የለም። ሌላው ረዳቴ ከመሪዬ ፊት ያለች አንዲት የአቅጣጫ መርፌ ናት፤ ሜዳው በየት በኩል እንዳለ ትጠቁማለች እንጂ መሬቱን አታሳይም።

ወገቤን አሞኛል፣ ደብተሬ። እርጅና ነው አትበዪኝ።

ሐምሌ 8፣ 10፡00 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ

ከአሶሳ አሁን ገና መመለሴ ነው። ጽሕፈቴን ታገሺኝ።

ጠዋት ከአሶሳ መልእክት መጣ። አንዲት ሴት ሁለት ቀን ምጥ ላይ ናት። ቀዶ ሕክምና የሚሠራውን ሐኪም ራሱን ወባ ጥሎታል። ካልወሰድናት አትተርፍም። አብዱራሂምን በሬዲዮ ጠየቅኩት፤ ማንጎው ይታያል አለ። ሄድን።

አሶሳ ላይ ደመናው ወተት ነው። መርፌዋን ተከትዬ ወረድኩ። ከዚህ በታች እንዳትወርድ የሚባልበት ከፍታ ደረስን። ምንም አይታይም። ረ/አብራሪው ሜዳው መታየት ያለበትን ሰዓት ይቆጥራል። ሰዓቱ አለቀ። ወደ ላይ! ደግሜ ጠየቅኩ። «ወላሂ ይታያል፣ ካፒቴን! ና!»

ሁለተኛ ሙከራ። ያው ከፍታ፣ ያው ወተት። ግን ዛፉ ይታያል ብሎኛላ! አመንኩት። መቶ ጫማ ወረድኩ፤ ሌላ መቶ፤ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ረ/አብራሪው ጮኸ። ከግራ ክንፋችን ሥር ቅጠል አየሁ። መሪውን ሳብኩ። ቀዩ ሜዳ ድንገት ከፊታችን ወጣ፤ አረፍን። ፈጣሪ ይመስገን፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ወርጄ የሬዲዮ ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። ማንጎ የለም። ጭጋግ ብቻ። አብዱራሂም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ለካ ዛፉ እስኪታየው ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ አይቶ፣ እየሮጠ ተመልሶ ነው ይታያል ያለኝ! ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። እሱ ቃሬዛውን ያያል። «እህቴ ናት፣ ካፒቴን። አትምጣ እንዴት ልበል?»

የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዝኩ። ጫንናት። ተነሣን።

ሐምሌ 10

ተርፋለች! ሴት ልጅ ወልዳለች። ደስታዬን የት ላድርገው!

ሪፖርቱ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አብዱራሂምን ከጻፍኩት እንጀራው ይቆረጣል። ካልጻፍኩት ነገ ሌላ አብራሪ ያንን ዛፍ አምኖ ይወርዳል። ረ/አብራሪው ጻፍ ይላል። ልክ ነው። ግን ዓይኔ ምንም ሳያይ የወረድኩት እኔ ነኝ። እሱን እህቱ አሳሳተችው እንበል። እኔስ ምን ሰበብ አለኝ?

ሐምሌ 12

ጻፍኩ። ሁሉንም፤ የራሴን አስቀድሜ። ዐሥር ቀን ከበረራ ታገድኩ። እሱ በማስጠንቀቂያ ታለፈ። እፎይ።

በሬዲዮ አወራን። በሩ ላይ ነጭ ድንጋይ ቅበር፣ ከድንጋዩ ሳትነሣ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ አልኩት። ለመጣ እንግዳ እሱም አባቱም አትምጣ ብለው አያውቁም፤ ነውር ነው አለ። ተለማመድ አልኩት። ሰላም ሳይለኝ ሬዲዮውን ዘጋ። ቅር ብሎት ይሆናል።

ሐምሌ 26፣ ጠዋት 3፡20፣ አየር ላይ

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍብሽ፤ ረ/አብራሪው መሪውን ይዞልኛል። ከኋላ የአብዱራሂም እህት፣ ልጇን ታቅፋ፣ ወደ ቤቷ። ዘመድ ሁሉ ከሆሞሻ መጥቶ ሜዳው ዳር እየጠበቃት ነው። በግ ታርዷል። ሕፃኗን አብዱራሂም ገና አላያትም።

ደመናው እንደዚያን ቀን ነው። ጠየቅኩት። ማንጎው?

የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭኖ መተንፈሱ ብቻ ይሰማል። ከዚያ፦ «አይታይም፣ ካፒቴን። ድንጋዩ ላይ ነኝ።» ቁልፉን ለቅቆ ደግሞ ተጫነ። «አትምጣ።»

እንባዬ መጣ፤ አላፍርም። ዞሬ ለእህቱ ነገርኳት፤ ወንድምሽ አትምጡ ብሏል። ሕፃኗን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እሱ ካለ እንመለስ አለች።

ወደ አ.አ. እየዞርን ነው። ነገ ጠዋት እጠይቀዋለሁ። አይታይም ካለኝ ከነገ ወዲያ። እሱ ይታያል እስኪለኝ ድረስ አልወርድም።