ከልጃችን ጋር አምስት ቀን በብስክሌት

ለልጄ እናት፣

እንዴት ከርመሻል? ዓይንሽስ? አሁንም በዚያ ደብዛዛ መብራት ሥር እንደምትሰፊ ልጃችን ነግራኛለች። እኔን ሰምተሽ አምፖሉን እንደማትቀይሪ ባውቅም ከመናገር አልመለስም። እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ባቴን ብታዪው የሌላ ሰው እግር ይመስልሻል።

ወረቀት የያዝኩት ወድጄ አይደለም። ስልክ ላይ ነገር ሲከብደኝ «ሥራ ጠሩኝ» ብዬ እንደምዘጋ ታውቂያለሽ።

ልጃችን የደወለችልኝ ከአራት ወር በፊት ነው። የአምስት ቀን የብስክሌት ጉዞ አለ፣ አዳሩ ድንኳን ውስጥ ነው፣ አብሮኝ ሊሄድ የነበረው ሰው ስለቀረ ቦታው እንዳይባክን ና አለችኝ። ድንኳንና ሻንጣውን የጭነት መኪና ይዞ ይቀድማል፣ ምግብ የሚያበስሉ አሉ፣ ጎማ የሚለጥፍ ባለሙያ አለ፣ የደከመውን ደግሞ ከኋላ የሚከተል ሚኒባስ ያነሳዋል አለች። እኔ ብስክሌት ላይ ከወጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ግን ከተለያየን ወዲህ ልጄ ደውላ ና ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። እሺ አልኩ። ሚኒባሱ እኔን እንደማያገኘኝም ነገርኳት።

ስዘጋጅ ብታዪኝ ትስቂ ነበር። ከሥራ ባልደረባዬ አሮጌ ብስክሌት ወስጄ ፈታትቼ ገጠምኩት፤ ሠላሳ ዓመት ሊፍት የጠገነ ሰው የብስክሌት ፍሬን አያቅተውም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ በእሱ መሄድ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት መቀመጫው ጉድ ስለሠራኝ ምሳዬን ቆሜ ነበር የምበላው። የሕንፃው ዘበኛ በር ላይ እየጠበቀ ዛሬም በሕይወት መጣህ ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ወር በሩ ፊት ያለችውን ዳገት ሳልወርድ ስወጣ አየኝና ቀልዱን ተወ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጃችን ጋር ከከተማ እንወጣለን። ብዙ አታወራም። ማርሽ ቀይር፣ ውኃ ጠጣ፤ በቃ። በምትሠራበት ፋርማሲ ከምግብ በኋላ ይወሰዳል በምትልበት ድምፅ ነው የምታዘኝ። እኔም ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

የመነሻው ቀን ደረሰ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው አንድ ሻንጣ ነው። እኔ የመፍቻ ሳጥኔን ከነሙሉ ዕቃው ከትቼ ሄድኩ። ሻንጣ የምትመዝነው መዝጋቢ ከፍታ አየችና፣ አባቴ፣ ብስክሌት ሊነዱ ነው ወይስ ጋራዥ ሊከፍቱ አለችኝ። ሳጥኑ ቀረ።

ሠላሳ ሁለት ነበርን። የመጀመሪያው ቀን መንገዱ ሜዳ ስለነበር ከመሃል ሆኜ ገባሁ። ሻንጣችን ሣር ላይ ተደርድሮ፣ ሾርባው ፈልቶ ጠበቀን። ድንኳኑን ለእኔ ተዉት ብዬ ግጥም አድርጌ ተከልኩት፤ በሩን ግን ወደ ንፋሱ ነበር ያዞርኩት። ዝናብ ገባና እግራችን ርሶ አደርን። ልጃችን ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና፣ ልክ እንዳንቺ።

በሦስተኛው ቀን የአሥራ አራት ኪሎ ሜትር ዳገት ገጠመን። ግማሹ ላይ የመጨረሻው ሰው እኔ ሆንኩ። ሚኒባሱ እግር በእግር ይከተለኛል። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ጋሼ ይግቡ፣ ማንም አይታዘብዎትም አለኝ። እኔ ራሴን እታዘባለሁ አልኩት። ይህን ጊዜ ልጃችን ከላይ ተመልሳ መጣች። ሁለታችንም ወርደን ብስክሌታችንን እየገፋን ጎን ለጎን ሄድን። «ወንድሜ የተወለደ ዕለት የት ነበርክ?» ብላ የጠየቀችኝ እዚያ ነው።

የመለስኩላትን ላንቺም መጻፍ አለብኝ። ሊፍት ቆሞ ሰው ተዘግቶበት ነበር፣ መልእክቱም የደረሰኝ ማታ ነው ብዬሽ ነበር። ሰው መዘጋቱ እውነት ነው። መልእክቱ ግን የደረሰኝ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰዎቹንም ከስድስት ሰዓት በፊት አውጥቻቸዋለሁ። ከዚያ ሞተሩ ያለበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሕፃኑ እንደማይተርፍ ሐኪሙ ተናግሯል፣ ቶሎ ና ተብሎ ነበር የተላከብኝ። ፊትሽን ማየት ፈራሁ። ምንም ያልጎደለውን ሞተር ዘይት ስቀይር ዋልኩ። አንቺ ብቻሽን ወለድሽው፣ ብቻሽን ተሰናበትሽው።

ልጃችን ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ሄደች። በቃ፣ እሷንም አጣኋት አልኩ። ሾፌሩ በሩን ከፈተልኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንድ እግሬ መኪናው ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ ግን ዛሬም በር ዘግቼ ልቀመጥ ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ወርጄ ብስክሌቴን ያዝኩ።

ከሁሉም በሁለት ሰዓት ዘግይቼ ካምፑ ደረስኩ። ምሳ አልቆ ዕቃ እየታጠበ ነበር። ልጃችን ድንኳኑን ብቻዋን ተክላ፣ ምግቤን ሳህን ከድናበት ተቀምጣለች። ብላ አለችኝ። እስክጨርስ ከጎኔ አልተነሳችም። ከዚያ፣ እማዬ እኮ ታውቃለች አለችኝ። ያኔ መልእክቱን ያደረሰልህ ሰው በሳምንቱ ነግሯታል፣ ካንተ አፍ እስክትሰማው ነው የጠበቀችው አለች።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። እኔ ደግሞ የተለያየነው ሥራ ስለማበዛ ይመስለኝ ነበር፤ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። በድዬሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ዛሬውኑ መልስ እንድትሰጪኝ አልጠብቅም።

የቀሩት ሁለት ቀናት ቁልቁለትና የወንዝ ዳር መንገድ ነበሩ። ልጃችን ስለ አለቃዋ፣ ስለ ደንበኞቿ፣ ሊያገባት ስለሚፈልገውም ሰው አጫወተችኝ። ስለ እሱ የማታውቂ ከሆነ እኔ ምንም አልተናገርኩም። በመጨረሻው ቀን አሥራ ዘጠነኛ ሆኜ ገባሁ።

እዚያ መዝጋቢዋ መዝገቡን ዘርግታ አስፈረመችኝ። ስሜ ከልጃችን ስም ሥር ነው። ዝምድና በሚለው ትይዩ መጀመሪያ «እናት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እሱ በአንድ መስመር ተሰርዞ ከላዩ «አባት» ተብሏል። ቀረ የተባለው ሰው አንቺ ነበርሽ። ፈረምኩ።

ለከርሞው ጉዞ ምዝገባ ተጀምሯል። ለራሴ አንድ ቦታ ይዣለሁ፤ የማንንም ቦታ አልወሰድኩም። ከእኔና ከልጃችን ስም ሥር ያለውን መስመር ባዶ እንድትተወው መዝጋቢዋን ለምኛታለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ ብላኛለች።

ቤትሽ ሰላም ይሁን፣ ሥራሽ ይባረክ፣ እጅሽ የሰፋውን የለበሰ ሁሉ ይመርቅሽ።

የልጅሽ አባት